የተቀቀለው ስፖንጅ

ሰኞ 3

ሄደ። ሁለቱን ሻንጣ፣ የጫማ ሳጥኖቹን፣ ያቺን የማትሠራ ሬዲዮ ሳይቀር ይዞ ሄደ። ለእኔ የተወልኝ ሁለት ነገር ነው፦ እናቱንና አክሶሎትል የሚለውን የውሃ እንስሳውን።

እናቱ «ለጊዜው» ነው። አክሶሎትሉም «ለጊዜው» ነው። ከያቺ ከአዲሷ ሴት ጋር በተከራየው ቤት ትልቅ የመስታወት ገንዳ አስገብቷል፤ የዚያ ውሃ እስኪደላደል እንስሳው እኔ ዘንድ ይቆያል። በር ላይ ቆሞ ስለ ማጣሪያው ንግግር አደረገልኝ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢ። ማጣሪያውን እንዳታጠፊ። ውሃው እንዳይሞቅ። በትዳር ዘመናችን ይህን ያህል ረጅም ነገር ነግሮኝ አያውቅም። ስለ እናቱ የደም ግፊት ክኒን ግን አንድ ቃል አልወጣውም።

ጥርሴን ነክሼ እሺ አልኩት። ለሰው የማልናገረውን እዚህ ልጻፈው፦ ይህን እንስሳ እገድለዋለሁ።

ማክሰኞ 4

ድንገተኛ መምሰል አለበት። ቢጠረጥረኝ ግድ የለኝም፣ ይጠርጥር፤ ግን ደፍሮ «አንቺ ነሽ» ማለት እንዳይችል እፈልጋለሁ። ሥራ ቦታ ይህንኑ ሳውጠነጥን የሰው ሸሚዝ እጅጌ አሳረርኩ። የላውንደሪው አለቃ «ሐሳብሽ የት ነው?» አለኝ። ገንዳ ውስጥ ነው አልለው ነገር።

ሐሙስ 6

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ በደንብ አየሁት። የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ነጣ ያለ ሮዝ፣ አራት እግር ያለው ነገር። ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ቀይ ላባ የመሰለ መተንፈሻ በቅሎለታል። አፉ ተፈጥሮው ሆኖ ሁልጊዜ የሚስቅ ይመስላል። ቤቴ ፈርሶ፣ እሱ ይስቃል። ባሌም እንደዚሁ ነበር፤ ሲዋሸኝ ከፊቱ ፈገግታ ጠፍቶ አያውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው።

አማቴ «ሳቂታ» ብለው ስም አውጥተውለታል። እኔ ግን እንስሳው ነው የምለው። ለሚሞት ነገር ስም አይወጣም።

ማጣሪያውን ሊሄድ ሰሞን ነው የለወጠው። ድሮ ትንሽዬ፣ አረፋ የምታወጣ ነበረች። አሁን ከጠረጴዛው ሥር ጀሪካን የሚያህል ጥቁር ነገር አለ፤ ውሃውን በአንድ ጎን ይስባል፣ በሌላው ጎን ይተፋዋል። «ኃይለኛ ሲሆን ይሻላል» ብሎ ነበር። እንስሳው ግፊቱን አልቻለም፣ ከድንጋዩ ጀርባ ተሸጉጦ ይውላል። ገና ሳልነካው ባለቤቱ ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል።

አርብ 7

ከሥራ ስወጣ የዓሣ ሱቁ ጋ ሄድኩ። ለመግደል እንኳ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለሱቁን በልቤ «አቶ ጨምሪበት» ብዬዋለሁ፤ ምንም ብትጠይቂው መልሱ ሌላ ዕቃ መጨመር ነው።

«እህቴ፣ ማጣሪያ ወንፊት አይደለም» አለኝ። «ቆሻሻ መያዙ ትንሹ ሥራው ነው። እንስሳው ከሚያወጣው ሽንትና ከተረፈ ምግቡ መርዝ ይፈጠራል። ያንን መርዝ የሚበሉት ስፖንጁ ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው።»

«እነሱ ቢሞቱስ?»

«ምን አደረጉሽ?»

«እንዲያው ቢሞቱ ማለቴ ነው።»

«ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዓይን አይለየውም። እንስሳው ግን እዚያው ውስጥ ይቃጠላል፣ መጀመሪያ ላባው። ስንቱ ንጽሕና ወዳድ ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ፈትጎ ሲያበቃ እያለቀሰ መጥቷል መሰለሽ። ሁለተኛ ማጣሪያ ጨምሪበት፣ ለመጠባበቂያ።»

ማጣሪያውን አልገዛሁም። የውሃ መመርመሪያ ጠብታውን ገዛሁ። ጥርት ብሎ የሚገድል ውሃ። ይህን ነገር በልቤ ይዤ እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ።

እሁድ 9

ደወለ። አማቴ ስልኩ ሲጮህ ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ የሚያያቸው ይመስል።

ስንት ዲግሪ ነው፣ ትሉን በላ፣ ላባው ወደ ፊት አልታጠፈም? ዞር ብዬ አየሁ። ታጥፏል። «አልታጠፈም» አልኩት። አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ይጠብቃሉ። «እናትህ እዚህ ናቸው» ስለው «ቸኩያለሁ፣ ሌላ ጊዜ» ብሎ ዘጋው።

«ሰላም ብሎዎታል።»

«እንዴት ብሎ አለ? በምን ቃል?»

ከዚያ ቃል መፈልሰፍ ነበረብኝ። ለእሱ ስል ውሸታም ሆንኩ። ይህችንም ጨምሬ አስከፍለዋለሁ።

ረቡዕ 12

ሙቀት። ላውንደሪው ውስጥ መተንፈስ አይቻልም። የእንስሳው ጅራት ጫፍ ተጠቅልሏል፤ ይህ የጭንቀት ምልክት ነው አሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የማጣሪያውን መቆጣጠሪያ ትንሽ ዘጋሁት። በግፊት ከሞተ ጥፋቱ የማጣሪያው ነው የሚሆነው፤ እኔ የምፈልገው በእኔ እጅ ነው።

ሐሙስ 13

መዝጋቱ አልበቃም። ውሃው አሁንም በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ነው የሚወጣው። ምስማር አግዬ ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀዳዳ በሳሁበት፣ ጫፉን ደፈንኩና መውጫው ላይ ሰካሁት። ቀዳዳዎቹን ወደ መስታወቱ አዞርኳቸው፤ ግፊቱ እዚያ ተላትሞ ይበተናል። አማቴ ቱቦውን ያዙልኝ። «እጅሽ ለዚህ ተፈጥሯል» አሉኝ። እጄ ለምን እንደተፈጠረ ቢያውቁ እንዲህ አይሉም ነበር።

ዝም ብሎ ዓይኔን ስለረበሸኝ ነው የሠራሁት። የተንጋደደ ነገር አልወድም።

ቅዳሜ 15

ሸሚዞቹ ላውንደሪ መጡ። አዎ፣ የእሱ ሸሚዞች። ዛሬም በእኔ ቅናሽ ያሳጥባል፤ ሾፌር ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም። አብራኝ የምትተኩሰው ጓደኛዬ ከረጢቱን ስታይ እጇን በአፏ ጫነች።

«አንቺ፣ ኮሌታው ውስጥ የሚያሳክክ ነገር ነስንሽበት።»

«ተይ።»

«ወይ ስጪኝ እኔ ላሳርርልሽ። እጄ አመለጠኝ እላለሁ።»

እንደ ሙሽራ ልብስ አድርጌ ተኮስኩለት። ኮሌታው ላይ አንዲት እጥፋት አልተውኩም። ቂሜን በሸሚዝ አላባክንም።

ሰኞ 17

አማቴ ዛሬ ከጸሎታቸው ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ገንዳው ፊት ለፊት ሆኜ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተውኛል መሰለኝ።

«ከሳቂታ ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከራሴ ጋር ነው፣ እማማ።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፣ ልጄ።»

«እኔ መች ጸለይኩ?»

«እኔ ነኛ የምጸልየው። ሳሉ ያንቺ ነው፣ ስርቆቱ የእኔ።» ብለው ሳቁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ማክሰኞ 18

ደወለ። እሁድ ይመጣል። ሊወስድ የሚመጣው ግማሹን ስፖንጅ ነው፤ እዚህ የለመዱት ባክቴሪያዎች የእሱን አዲስ ገንዳ ቶሎ እንዲያደርሱለት። አማቴ የሰሙት «እመጣለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ወዲያው ክፍላቸው ገብተው ቁም ሣጥን መክፈት ጀመሩ።

እኔ ግን ስፖንጁን ሰማሁ።

አርብ 21

ተገኘ። እዚህ ቤት ለምን ይሞታል? እሱ ቤት፣ እሱ ፊት፣ በራሱ እጅ በሞላው ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ይሙት። ምን እንደገደለው ሳያውቅ ገንዳው ላይ አፍጥጦ ይደር።

ስፖንጁን ለሁለት ቆረጥኩ። ግማሹን ድስት ውስጥ ጨምሬ ለረጅም ሰዓት ቀቀልኩት። አማቴ ክዳኑን ከፍተው አዩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ስፖንጅ።»

«ጥርስ የለኝም ብለሽ ነው?»

«ለልጅዎ ነው፣ እማማ። ንጹሕ እንዲሆንለት።»

ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ክዳኑን መልሰው ገጠሙት።

ሲወጣ ነጭ ሆነ። እንዲህ ብሰጠው ያውቅብኛል። ጥቁር ሻይ አፍልቼ ነከርኩት፤ የሻይ እድፍ እንዴት እንደሚይዝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ እድፍ ሳስለቅቅ ኖሬ ዛሬ ገና እድፍ አሲያዝኩ። ደርቆ ሲያበቃ በገንዳው ውሃ አርሼ ላስቲክ ውስጥ አሰርኩት።

እሁድ 23

አማቴ ከማለዳ ጀምሮ ለብሰው ተቀመጡ። ሻንጣቸው ከወንበሩ ሥር ነበር፤ እንዳላይባቸው በእግራቸው ወደ ውስጥ ገፋ ያደርጉታል።

እሱ አልተቀመጠም። ግንባራቸውን ሳመና «እንዴት ነሽ እማዬ? ወፍራም ሆንሽ እኮ! ስፖንጁ ሳይደርቅ ልድረስ» አለ። ላስቲኩን ሰጠሁት። ላስቲኩን ከፈት አድርጎ አየና «ጎበዝ፣ በደንብ ቆሽሿል» አለኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከሄደ በኋላ አማቴ ሻንጣቸውን በእግራቸው ወደ ወንበሩ ሥር ገፉት። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» አሉ ለራሳቸው። ቀጥለው ደግሞ ቀና ብለው፦ «ዛሬ እኮ የመጣው ለስፖንጁ ነው። በሚቀጥለው ለእኛ ይመጣል።»

እኛ ያሉት ራሳቸውንና ሳቂታን ነው። እንስሳውን።

ሐሙስ 27

ግማሽ ስፖንጅ ለዚህኛው ገንዳም አልበቃ አለ። የመመርመሪያው ጠብታ ቀለሙን ለወጠ፤ መርዝ አለ ማለት ነው። በየቀኑ ውሃ እየቀየርኩ ነው፤ ውሃውን አሳድሬ፣ የክሎሪን ማጥፊያ ጨምሬ፣ በበረዶ ጠርሙስ አቀዝቅዤ። ወገቤ ተቆረጠ። አማቴ ባልዲ ስጎትት እያዩ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉኝ። 

ትንሿን የድሮ ማጣሪያ ከጓዳ አውጥቼ አጠገቡ ገጠምኩ። አቶ ጨምሪበት ቢያይ ደስ ይለው ነበር። እስከዚያው በሕይወት መቆየት አለበትና።

ዛሬ ትሉን ከጣቴ ላይ ወሰደ። አይነክስም፣ ሳብ ያደርጋል እንጂ። ጅራቱ ተዘርግቷል፣ ላባው ወደ ኋላ ተለጥጧል።

እንቅልፍ የለኝም። ሙቀቱ ነው።

እሁድ 30

ደወለ። ቅዳሜ እንስሳውን ይወስዳል።

«ውሃህን መረመርከው?» አልኩት። ለምን እንዳልኩት እኔ አላውቅም።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ስለ ውሃ የምትጠይቂው?» ብሎ ሳቀ። «ስፖንጅሽ ተአምር ሠርቷል። ውሃው መስታወት ነው የሚመስለው። ያቺ እንኳ አየችና ‹ይጠጣል እኮ› አለች።»

ስልኩን ዘጋሁ። ከጠየቅኩት በላይ ምን ላድርግ? ጠይቄዋለሁ።

ማክሰኞ 2

አዲስ ወር። ሱቁ ጋ ሄድኩ። «እንስሳው ማጣሪያው በሞተ ገንዳ ውስጥ ቢገባ ምን ያህል ይቆያል?» አልኩት።

«ጥቂት ቀን። ላባው ይረግፋል፣ ቆዳው ይላጣል። አይጮኽ፣ አያለቅስ፤ ፊቱ እንደሆነ እስከ መጨረሻው የሚስቅ ይመስላል።» ከዚያ አትኩሮ አየኝ። «እህቴ፣ አንቺ የምትጠይቂው ጥያቄ ሁሉ ስለ ሞት ነው። ያንቺ ገንዳ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው» አልኩት። ደኅናም ነው። ትናንት ጠብታው ንጹሕ ቢጫ አሳየ፤ መርዝ የሚባል የለም። እንዲህ ያለ ውሃ እሱ በነበረበት ዘመን እንኳ አልነበረም።

አርብ 5

ነገ። አማቴ ጥሩውን ሸሚዛቸውን ላውንደሪ ወስጄ አጥቤ እንድተኩስላቸው ሰጡኝ። ተኮስኩ። የትኛው ጫማ ይሻላል አሉኝ። ጥቁሩ አልኩ። የሚመጣው ለእንስሳው ብቻ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

ስለ ስፖንጁስ ልንገረው? ነግሬው ምን ልሆን? «ቀናሽ፣ ክፉ ነሽ» ብሎ ለያቺ ሊያወራልኝ? ከምነግረው ምላሴ ይቆረጥ።

ግን የሳቂታ ላባው ሊረግፍ ነው።

ቅዳሜ 6

ልጻፈው፣ በቅደም ተከተል።

ክዳን ያለው አዲስ ባልዲ፣ መረብና የበረዶ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ያቺ ታች መኪና ውስጥ ቀርታለች። አማቴ የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሰው፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ሻንጣቸውን ዛሬ ሳይደብቁ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እሱ ሰላም ብሏቸው በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደ። ቱቦዬን አየ፣ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ነካካ። «ማን ሠራው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩት። «አሪፍ ነው፣ ይህንንም እወስደዋለሁ» አለ።

ባልዲውን ከገንዳው ውሃ ሞላ። መረቡን አነሣ። ሳቂታ አልሸሸም፤ ትል የሚሰጠው መስሎት ወደ እጁ መጣ።

ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ነው። «አትውሰደው፣ ስፖንጁን ቀቅዬዋለሁ፣ ገንዳህ ሙት ነው።» ይኸው፣ ስጽፈው እንዴት አጭር ነው። ከአፌ የወጣው ግን ይህ አይደለም።

«ሁለቱንም ውሰድ፣ ወይ ሁለቱንም ተው» አልኩት።

«ሁለቱን ምን?»

በአገጬ ወደ እናቱ አመለከትኩ።

መረቡ በእጁ እንዳለ ቆመ። አማቴ ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ ልመና አልነበረም፤ መልሱን የሚያውቁ፣ ደስ የሚል መልስ መሆኑንም የሚያውቁ ይመስሉ ነበር። እጃቸው የሻንጣውን እጀታ ያዘ።

«ይህ አሁን ምን አመጣው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤቱ ጠባብ እንደሆነ ታውቂያለሽ። መኝታ ቤቱ አንድ ነው።»

«ገንዳው የት ተቀመጠ?»

«ሳሎን።»

«ሳሎን የት ጋ?»

«ሶፋው የነበረበት ቦታ ላይ።»

ታች የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። እሱ እንስሳውን አየ፣ እናቱን አየ፣ ደግሞ እንስሳውን አየ። ይከራከረኛል ብዬ ነበር። ይጮህብኛል፣ ገፍቶኝ ይወስደዋል፣ ያኔ እኔም የስፖንጁን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። አልተከራከረም። መረቡን ገንዳው ላይ አጋደመ። እጁን በሱሪው ጠረገ።

«እሺ» አለ። «ይቅርብኝ።»

ባልዲውን እዚያው ትቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ሰማነው።

አሸነፍኩ። ከሄደበት ቀን ጀምሮ ላየው የምመኘውን ፊት አየሁት፦ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚወደውን ነገር የተነጠቀ ሰው ፊት። ዞር ስል አማቴ የአንገታቸውን ቁልፍ እየፈቱ ነበር። አልፈታ ብሏቸዋል። ልረዳቸው ስጠጋ እጄን በቀስታ መለሱት።

«ያን እንስሳ ከእንቁላሉ ጀምሮ ነው ያሳደገው» አሉ። «በጣም ነው የሚወደው።»

ትንሽ ቆይተው ደግመው «በጣም ነው የሚወደው» አሉና ክፍላቸው ገቡ።

እሁድ 7

እስከ እኩለ ቀን አልወጡም። በር ላይ ሻይ አስቀመጥኩ፣ ቀዘቀዘ። ሌላ አስቀመጥኩ።

ሲወጡ የቤት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ሸሚዙን አጣጥፈው ሰጡኝ። «አልቆሸሸም፣ ግን መልሰሽ እጠቢው።» ከዚያ ገንዳው ፊት ለፊት፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ስፖንጁን የቀቀልሽ ቀን ገብቶኝ ነበር» አሉ። «ከራስሽ ጋር ስታወሪ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ በቧንቧ ውሃ እንኳ አይታጠብም ስትዪ። የሚቀቀል እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

«ለምን ዝም አሉኝ?»

«ይመጣል ብዬ። ገንዳው ቶሎ ካልደረሰለት ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፣ ሲመላለስም ያየኛል ብዬ።»

ሳሉ ያንቺ፣ ስርቆቱ የእኔ ያሉት እንዲህ ያለውን ኖሯል፦ ቂሙ የእኔ፣ በቂሜ የሚያተርፉት እሳቸው። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ገንዳህ ሙት ነው ብዬው ቢሆን ኖሮ እንስሳውን እዚሁ ይተወው ነበር፤ ስለ እርስዎ ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ እርስዎም መልሱን ሳያውቁ ይቀሩ ነበር አልኩ። ለምን ያንን ማለት እንዳቃተኝ ግን አልነገርኳቸውም። ራሴም ዛሬ ነው ያሰብኩት። ያሸነፍኩ መምሰል ስለፈለግኩ ነው።

አማቴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሳቂታን ሲያዩ ቆዩና፣ ሳያዩኝ፣ እንዲህ አሉኝ፦

«እሺ ቢልስ ኖሮ? ሁለታችንንም ይዞን ቢሄድ፣ አንቺ ምን ትሆኚ ነበር?»

ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም። በዚህ ሁሉ ገጽ ላይ ፈለግኩ፣ የለም።

ውሃ የሚቀየርበት ቀን ነው። ባልዲውን አነሣሁ፤ የእሱ ነው፣ አዲስ፣ ክዳን ያለው። ተንበርክኬ የውሃ መሳቢያውን ጎማ ገንዳው ውስጥ ስከት አማቴ ከወንበራቸው ተነሡና ሌላኛውን ጫፍ ያዙልኝ።